የቡና ሰሞን አልፎም የማይተኛ ሰውነት

«ተይው በቃ፣ አታስቢ» ይሉኛል ሰዎች። አዝነውልኝ ነው፣ ከልባቸው ነው። ግን ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የሚያባንነኝ ነገር ሐሳብ አይደለም። ስነቃ ጭንቅላቴ ባዶ ነው። ልቤ ይደልቃል፣ መዳፌ በላብ ርሷል፣ ሆዴ ተቋጥሯል። ሐሳቡ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አእምሮዬ ለዚህ ሁሉ ድለቃ ምክንያት ፍለጋ ሲገባ ያልተወራረደ ደረሰኝ ያገኛል፣ የእናቴን ደም ግፊት ያገኛል፣ የታናሽ ወንድሜን ሥራ ማጣት ያገኛል። ነገሩ ከሰውነት ተነስቶ ነው ወደ ሐሳብ የሚሄደው። ስለዚህ «አታስቢ» የሚለው ምክር ችግሩ ያለበት ቦታ ድረስ አይወርድም። ለሰውነት የሚነገረው በሌላ መንገድ ነው፤ ዛሬ ልጽፍ የፈለግኩት ስለዚያ መንገድ ነው።

የምኖረው ጅማ ነው። ለአንድ ቡና አቅራቢ ገንዘብ ያዥ ሆኜ እሠራለሁ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ እሸቱ ሲደርስ፣ ቢሮዬ ከከተማ ወጣ ብሎ ያለው መፈልፈያ ጣቢያ ነው። ገበሬው ቀኑን ሙሉ ሲለቅም ውሎ ቀዩን ቡና በአህያና በሞተር ጭኖ የሚደርሰው ሲመሽ ነው። እሸት ቡና ደግሞ አይታደርበትም። የዛሬው ዛሬ ማታ ካልተፈለፈለ በራሱ መቡካት ይጀምራል፣ ጣዕሙም ይሄዳል። እናም ጄኔሬተሩ እየጮኸ፣ ሚዛኑ አጠገብ አንድ አምፖል ሥር ተቀምጬ ኪሎ እመዘግባለሁ፣ ብር እቆጥራለሁ። ብሩ ይጣበቃል። ቡናው ሲፈለፈል የሚወጣው ጣፋጭ ሙጫ የሁሉም ሰው እጅ ላይ አለ፤ ከእጅ ወደ ብሩ፣ ከብሩ ወደ ጣቶቼ፣ ከጣቶቼ ወደ መዝገቡ ይሄዳል። ሁለት ኖት ተጣብቆ እንደ አንድ ካለፈ ጉድለቱ ከኔ ደመወዝ ነው የሚወጣው። ፊት ለፊቴ ወረፋ የያዙት አባቶች ደክሟቸዋል፣ ቤታቸው ሩቅ ነው፤ ማዶ ያለው ጣቢያ ትንሽ ዋጋ ጨመረ ከተባለ ደግሞ ነገ አህያቸውን ወደዚያ ያዞራሉ።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ዝናቡ ነው። ታጥቦ በሽቦ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና መድረቅ ከጀመረ በኋላ ዳግም ከረጠበ ሻጋታ ይይዛል፣ ሽታው ይለወጣል፣ ደረጃው ይወርዳል። ስለዚህ ሰማዩ ሲያጉረመርም ከዘበኛው እስከ ሥራ አስኪያጁ ሁሉም ሰው ሸራና ላስቲክ ይዞ ይሮጣል። በጨለማ፣ በጭቃ፣ እየተጠራራን። ጅማ ውስጥ ዝናብ ለመምጣት ክረምትን አይጠብቅም፤ በቡናው ሰሞንም ሳይታሰብ ይጥላል።

ሰሞኑ አለቀ፣ ቡናው ተጫነ፣ ሒሳቡ ተዘጋ። ከዚያ የካቲት መጨረሻ ላይ፣ ቤቴ አልጋዬ ላይ ተኝቼ፣ ቆርቆሮው ላይ ጠብ ጠብ ሲል እግሬ መሬት ረግጦ አገኘዋለሁ። የተሰጣ ቡና የለም፤ የሚሮጥም ሰው የለም። ሰውነቴ ግን ሮጦ ጨርሷል። ቀን ቀን ደግሞ መንጋጋዬ ተነክሶ ይውላል፣ ከበላሁ በኋላ ሆዴ ይነፋል፣ የወር አበባዬ አንዱን ወር ዘሎ ሌላውን ወር ሁለቴ ይመጣል።

ሐኪም ቤት ሄድኩ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሆን ብዬ ነው። ልብ የሚያስደልቅና እንቅልፍ የሚነሳ ነገር ሁሉ ጭንቀት አይደለም። ዶክተሯ መጀመሪያ ያዘዘችልኝ የታይሮይድ ምርመራ ነበር፤ የታይሮይድ ሆርሞን ሲበዛ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰው ይከሳል፣ ሙቀት አይችልም፣ ከጭንቀት ጋር በቀላሉ ይምታታል። የደም ማነስም ልብ ያስደልቃል። የደም ስኳሬን፣ የደም ግፊቴን፣ የልቤን ምት በኢሲጂ አየች፤ እርግዝና አለመኖሩንም አረጋገጠች። ደህና ነበርኩ። «ኮርቲሶሌን ለኪልኝ» ብዬ ጠየቅኋት፤ ቲክቶክ ላይ ሁሉም ስለዚህ የጭንቀት ሆርሞን ነው የሚያወራው። ትዕግሥቷን አመሰግናለሁ፣ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ኮርቲሶል በቀን ውስጥ በጣም ስለሚወጣና ስለሚወርድ በአንድ ጊዜ ደም ተቀድቶ «በጭንቀት ተጎድተሻል» ማለት አይቻልም። ምርመራው የሚጠቅመው ኮርቲሶል ከልክ በላይ የሚበዛበት ኩሺንግ የሚባለው በሽታ፣ ወይም በተቃራኒው አድሬናል የተባሉት ዕጢዎች እሱን ማምረት ያቆሙበት ሕመም ሲጠረጠር ነው። «የአድሬናል ድካም» እየተባለ ኦንላይን የሚወራው ደግሞ የሆርሞን ሐኪሞች የሚቀበሉት በሽታ አይደለም። ለሱ ተብሎ የሚሸጠውን እንክብል ገንዘባችሁን አታውጡበት።

ታዲያ ሰውነቴ ውስጥ የሚሆነው ምንድን ነው? ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ፈጣኑ ነው። አንጎል አደጋ ነው ብሎ የገመተውን ነገር ሲሰማ በነርቭ በኩል ከኩላሊት በላይ ወደተቀመጡት አድሬናል ዕጢዎች መልእክት ይልካል፣ አድሬናሊን በሰከንዶች ውስጥ ደም ውስጥ ይገባል። ልብ የሚዘለው ያኔ ነው። ሁለተኛው ዘገምተኛ ነው። አንጎል ሥር ያለው ሃይፖታላመስ የተባለ ክፍል ከታቹ ላለው ፒቱታሪ ዕጢ ይናገራል፣ ፒቱታሪ በደም በኩል ለአድሬናል ዕጢ ይናገራል፣ ዕጢው ኮርቲሶል ይለቃል። ይህ ከድንጋጤው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ነው ከፍ የሚለው። ኮርቲሶል ስኳር ከጉበት አውጥቶ ደም ውስጥ ይጨምራል፤ ለጊዜው አስቸኳይ ያልሆነውን፣ ማለትም ምግብ መፍጨትን፣ መራባትን፣ የበሽታ መከላከያውን የተወሰነ ሥራ፣ ገታ ያደርጋል። ሆዴም የወር አበባዬም ለምን እንደተዛቡ የገባኝ እዚህ ላይ ነው።

በደህና ጊዜ ይህ ነገር ራሱን ያጠፋል። ኮርቲሶሉ ራሱ ተመልሶ ወደ አንጎል ሄዶ «በቃ» ይላል። ጭንቀቱ ለወራት ከቀጠለ ግን ያ «በቃ» የሚለው ድምፅ መሰማት ያቅተዋል። አንዴ ሌባ የገባበት ጣቢያ ዘበኛ ከዚያ በኋላ ቅጠል በተንኮሻኮሸ ቁጥር ፊሽካ እንደሚነፋው ማለት ነው። ዘበኛው አልተበላሸም፤ ሥራውን በጣም እየሠራ ነው።

ይህን ሰውነት ለጭንቀት የሚሰጠውን ምላሽ በሳይንስ መልክ ካስቀመጡት ቀዳሚዎች አንዱ ሃንስ ሴልዬ ነው፤ ዘሩ ከሀንጋሪ፣ ሥራው ካናዳ ሞንትሪያል ውስጥ። እ.ኤ.አ. በ1936 ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ አንዲት አጭር ደብዳቤ አሳተመ። አይጦችን በብርድ፣ በቁስል፣ ከአቅም በላይ በሆነ እንቅስቃሴ፣ በመድኃኒት ሲያስጨንቃቸው፣ አስጨናቂው ነገር የተለያየ ሆኖ ሳለ ሰውነታቸው ላይ የታየው አንድ ዓይነት ነበር፦ አድሬናል ዕጢያቸው አብጧል፣ የበሽታ መከላከያ አካላቸው ጫጭቷል፣ ጨጓራቸው ቆስሏል። ይህን ሳነብ የታየኝ የራሳችን ጣቢያ ነው። ለሰውነት ብድርም፣ ዝናብም፣ እንቅልፍ ማጣትም፣ ባዶ ሆድም አንድ በር ነው የሚገቡት። መጥፎ ዜና ይመስላል፤ ግን ጥሩ ጎንም አለው። የቡናን ዋጋ መወሰን አልችልም፤ በዚያው በር የሚገባውን ሌላውን ጭነት ግን መቀነስ እችላለሁ።

የጀመርኩት ከሰዓት ነው። ኮርቲሶል የጠላት ሆርሞን አይደለም፣ ያለሱ ጠዋት ከአልጋ መነሳት አይቻልም። ሌሊት 6 ሰዓት አካባቢ ዝቅተኛው ላይ ይሆናል፣ ከዚያ ወደ ንጋት እየጨመረ ሄዶ ከነቃን በግማሽ ሰዓትና በ45 ደቂቃ መካከል ከፍተኛው ላይ ይደርሳል፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ይወርዳል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ መባነኔም ከዚህ ጋር ይገናኛል፤ ያ ሰዓት ኮርቲሶሉ ሽቅብ መውጣት የጀመረበት፣ እንቅልፉም የሚሳሳበት ነው። ይህን ማወቄ ብቻውን ግማሽ ፍርሃቴን ወሰደው። የአንጎልን ሰዓት የሚያስተካክለው ዋናው ነገር ደግሞ የጠዋት ብርሃን ነው። እዚህ ላይ አገራችን ትጠቅመናለች። ጅማ ከምድር ወገብ ብዙ ስለማትርቅ ዓመቱን ሙሉ የቀኑ ርዝመት ልዩነት አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ፀሐይ ሁልጊዜ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ትወጣለች። ሰዓታችንንም የምንቆጥረው ከንጋት ነው። ያን ጊዜ ተነስቼ በረንዳ ላይ እወጣለሁ፣ ቅዳሜም እሑድም። የጅማ ጠዋት አብዛኛውን ጊዜ ደመናና ጉም ነው፤ ምንም አይደለም፣ ደመናማ ሰማይም ከቤት አምፖል በብዙ እጥፍ ያበራል። ማታ ያመሸሁ ቀን እንኳ የመነሻዬን ሰዓት አልለውጥም። እንቅልፍ ያጣ ሰው በሚቀጥለው ቀን አመሻሽ ላይ ኮርቲሶሉ መውረድ ሲገባው አይወርድም፤ ይህን ክብ የሚሰብረው ቋሚ መነሻ ሰዓት ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ቡና።

ጅማ ተወልዶ ስለ ቡና ክፉ መናገር አይቻልም፣ አልናገርምም። እንጀራዬ ነው። በዙሪያችን ያለው የጎማ፣ የሊሙ፣ የማና ወረዳ ገበሬ እንዴት እንደሚደክምበት በዓይኔ አያለሁ። ነገር ግን ካፌይን በአንጎል ውስጥ ድካምን የሚያሳውቀውን አዴኖሲን የተባለ ንጥረ ነገር ቦታ ይይዝበታል፤ ድካሙ ሳይጠፋ ወሬው ይጠፋል። ኮርቲሶልንም ያስነሳል፤ በየቀኑ የሚጠጣ ሰው ላይ ይህ ይለዝባል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይቀርም፣ በተለይ ከሰዓት በኋላ ለሚጠጣው። ከተጠጣው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። 11 ሰዓት ላይ በረካ የጠጣ ሰው ማታ 4 ሰዓት ሲተኛ ግማሹ ገና ደሙ ውስጥ አለ። ለሴቶች አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው አይነግረንም፦ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል የምትወስድ ሴት ካፌይኑ የሚወጣበት ጊዜ ወደ እጥፍ ሊረዝም ይችላል፤ እርጉዝ ስትሆን ደግሞ ከዚያም በላይ። ጣቢያው ላይ ደግሞ ፔርሙሱ ከሚዛኑ አጠገብ አይጠፋም።

ችግሩ መጠጡ አይደለም፣ መቀመጫው ነው። እኛ ቤት ቡና በቀን ሦስቴ ይፈላል። ረከቦቱ ሲቀርብ ጎረቤት ይጠራል፤ አጠገባችን ያሉት ሐጃ፣ ከማዶ ያሉት እትዬ፣ ልጆቻቸው። እዚያ ተቀምጦ ስኒ መመለስ እንደ ቅያሜ ነው የሚታየው። መጀመሪያ የቀትር በኋላውን ስመልስ ሐጃ «ልጄ፣ ምን አጠፋን?» አሉኝ፤ ፊታቸው ላይ ያየሁትን እስካሁን አልረሳሁትም። እናቴ ናት መላ ያመጣችው። አሁን ሲቆላ የመጀመሪያዋ አሽታች እኔ ነኝ፤ ምጣዱን ይዛ ወደኔ ትመጣለች፣ ጭሱን በእጄ ወደ ፊቴ እስባለሁ፣ «ያረዝምልሽ» እላታለሁ። ከዚያ ለሰዎቹ ስኒ አዳርሳለሁ፣ ቆሎ እዘግናለሁ፣ እስከ በረካ እቀመጣለሁ። በስኒዬ ጤናዳም የገባበት ሙቅ ውኃ ይቀዳልኛል። መቀመጫው አልተጓደለም፤ የጎደለው ካፌይኑ ብቻ ነው። የጠዋቱን ግን እጠጣለሁ፣ ከቁርስ በኋላ፣ አቦልና ቶና፣ በደስታ። ገለፈቱንና ቅጠሉን አፍልቶ መጠጣት ካፌይን የሌለው የሚመስላቸው አሉ፤ አለው።

ከባዶ ሆድም ጋር የተያያዘ ነገር አለ። የቡናው ሰሞን ከጾመ ነቢያት ጋር ይገጥማል፣ ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ። እስከ 9 ሰዓት ባዶ ሆድ፣ ላዩ ላይ ሌሊቱን ያመሸ ሰውነት። የደም ስኳር ሲወርድ ሰውነት ለማንሳት የሚጠቀመው እነዚያኑ አድሬናሊንንና ኮርቲሶልን ነው። የእጄን መንቀጥቀጥ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ጾሙን እንዳልተው፣ ሰዓቱን ግን ወደ ቀትር እንዳወርደው ፈቀዱልኝ። ለሚመለከተው ሁሉ፦ ከራሳችሁ ጋር ከመታገል መጠየቅ ይሻላል።

ስለ ጫት ዝም ብዬ ባልፍ ስለ ጅማ የጻፍኩ አይመስለኝም። ሚዛን ላይ የሚያመሹት፣ ሾፌሮቹ፣ ለፈተና የሚያነቡት ተማሪዎች፣ የገዛ ወንድሜም ጭምር ይቅማሉ፤ ብዙዎቹ «ጭንቀቴን ያስረሳኛል» ነው የሚሉት። ምርቃናው ላይ እውነት ነው፣ ያስረሳል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ግን ሥራው አድሬናሊን ከሚሠራው ጋር አንድ ወገን ነው፤ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል፣ እንቅልፍን ያባርራል፣ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል። ሲወጣ ደግሞ ድብርቱ አለ፣ ላቆመው ሰው ዱካኩ አለ። ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ የሚሄዱት፣ አልኮሉ ቶሎ ያስተኛቸዋል፣ ከሌሊቱ እኩሌታ በኋላ ግን እንቅልፉን ይቆራርጠዋል። አንዱ ያነቃል፣ ሌላው ይጥላል፣ መሃል ላይ ያለው ልብ ነው። ወንድሜን አልሰድበውም። ሥራ የሌለው ወጣት ከሰዓት በኋላውን የሚያሳልፍበት ጓደኛና ጨዋታ ያለው እዚያ ነው፤ ያንን ሳይተኩለት ቅጠሉን ብቻ ንጠቁት ማለት ትክክል አይመስለኝም። አሁን አንዳንድ ቀን አብሮኝ ይራመዳል።

የምንራመደው ወደ ጅሬን ነው፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በሚወስደው አቀበት። እስከ ላይ ሁልጊዜ አንደርስም። ቀስ ብለን ነው የምንወጣው፣ እያወራን መሄድ እስከሚያስችል ድረስ። ይህ ለጤናማ ሰው ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ከባድ እንቅስቃሴ ለጊዜው ራሱ ኮርቲሶልን ያስነሳል፤ ቀለል ያለው አያስነሳም። ለደከመ ሰውነት ከጂም ይልቅ አቀበት በዝግታ የሚሻለው ለዚህ ነው። ከላይ ከተማው ቆርቆሮ በቆርቆሮ ሆኖ ይታያል፣ ወንድሜም እዚያ ሲደርስ ወሬው ይረዝማል።

አተነፋፈስን በተመለከተ ብዙ ቪዲዮ አለ፣ አብዛኛው ግነት ነው። እውነቱ ቀላል ነው። አየር ስናስገባ ልብ ትንሽ ይፈጥናል፣ ስናስወጣ ይዘገያል፤ ይህን የሚያደርገው ከአንጎል ወደ ልብና ሆድ የሚወርደው ቬገስ ነርቭ ነው። ስለዚህ ማስወጣቱን ማርዘም ልብን ለማዘግየት እጃችን ላይ ያለ መንገድ ነው። እኔ በልቤ 4 እየቆጠርኩ በአፍንጫዬ አስገባለሁ፣ 6 እየቆጠርኩ አስወጣለሁ። አንዱ ትንፋሽ 10 ሰከንድ፣ በደቂቃ 6 ትንፋሽ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ጣልያናውያን ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት ሰዎች በመቁጠሪያ የማርያምን ጸሎት በላቲን ሲደግሙ አተነፋፈሳቸው ሳያስቡት ወደ 6 በደቂቃ ወርዶ፣ የልብና የደም ግፊታቸው ምት አብሮ ሲስተካከል ታይቷል። ይህን ለእናቴ ሳነብላት ምንም አልገረማትም። ማታ ማታ መቁጠሪያዋን ይዛ 41 ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ስትል ድምፅዋ እየረዘመ፣ ትከሻዋ እየወረደ ሲሄድ ሳየው ነው ያደግኩት። ሐጃም ከሶላት በኋላ ተስቢሃቸውን ሲቆጥሩ እንዲሁ ናቸው። ተጣድፎ ለመጨረስ ካልሆነ፣ ጸሎት ትንፋሽን ያረዝማል። ለእግዚአብሔር የሚጸለየው ለልብ ምት ብሎ አይደለም፤ ሰውነትም ግን ድርሻውን ይወስዳል።

ለዝናቡ የማደርገውን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ለኔ ከሁሉ የበለጠ የሠራው ይህ ነው። ቆርቆሮው ላይ ሲጀምር አልነሳም። መጋረጃም አልገልጥም፣ ስልክም አላነሳም። ተጋድሜ፣ እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ፣ ድምፁን እሰማለሁ፤ ትንፋሼን አረዝማለሁ። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከባድ ናቸው፣ ልብ ይዘላል፣ እግር ይነሳ ይነሳ ይላል። አድሬናሊን ግን አዲስ ካልተጨመረበት ብዙ አይቆይም፤ በደቂቃዎች ይበርዳል። ኮርቲሶሉ ይዘገያል፣ ግማሹ ከደም ለመውጣት ከአንድ ሰዓት በላይ ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ልቤ ከተረጋጋ በኋላም የሚቀረውን መረበሽ «አልሠራም» ብዬ አልተረጉመውም፤ የቀረውን እየጠበቅኩ ነው። በፍርሃት የተማረ ሰውነት የሚማረው ደግሞ በፍርሃቱ ውስጥ ቆይቶ ምንም እንዳልመጣ ሲያይ ነው። በተነሳሁ ቁጥር «ልክ ነሽ፣ አደጋ አለ» ብዬ አረጋግጥለት ነበር ማለት ነው። ዘንድሮ ግንቦት ላይ ኃይለኛ ዝናብ ጥሎ እኔ ጠዋት ከሰው የሰማሁበት ሌሊት ነበር።

አንድ ነገር ሳላስጠነቅቅ አላልፍም። ድካምና የሰውነት ሕመም ሲበዛ አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ፣ ያለ ሐኪም ማዘዣ፣ «ይቺ ታነቃሻለች» ተብሎ የተሰጠኝ ዴክሳሜታዞን ነበር። አልወሰድኩትም፣ ዶክተሯን ጠየቅኋት፣ እጇን ራሷ ላይ አደረገች። ዴክሳሜታዞንም ፕሬድኒሶሎንም የኮርቲሶል ዘመዶች ናቸው፤ በቦታቸው ሕይወት ያድናሉ። ለሳምንታት ሲወሰዱ ግን አንጎል «ከውጭ እየገባ ነው» ብሎ የራስን ዕጢ ሥራ ያስቆማል፣ ፊት ያብጣል፣ ስኳርና ግፊት ይነሳል። በድንገት ሲቆሙ ደግሞ ዕጢው ተኝቶ ስለሚገኝ ሰው ሊወድቅ ይችላል። ለማድያት እየተባለ ፊት ላይ የሚቀቡት ክሬሞችም ብዙዎቹ ክሎቤታዞልን የመሰለ ኃይለኛ ስቴሮይድ አላቸው፤ በብዛትና ለረጅም ጊዜ ከተቀቡ በቆዳ ገብተው ያንኑ ያደርጋሉ። እህቶቼ፣ ካርቶኑን አንብቡ። ጀምራችሁ ከሆነ ደግሞ በራሳችሁ በአንድ ቀን አትተዉት፤ ሐኪም ጋ ሂዱ፣ ቀስ በቀስ ነው የሚወርደው።

ሮበርት ሳፖልስኪ የሚባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ እዚሁ ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ ዝንጀሮዎችን ለብዙ ዓመታት አጥንተዋል። በመንጋው ዝቅ ያለ ቦታ ያላቸው፣ በየጊዜው በሌሎች የሚገፉት፣ ያለ ምንም አደጋ ቁጭ ባሉበት እንኳ ኮርቲሶላቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። አብረው የሚቀመጡላቸውና ጸጉራቸውን የሚያሹላቸው ወዳጆች ያሏቸው ደግሞ ዝቅ ያለ። ጉዳዩ የጉልበት ብቻ እንዳልሆነ፣ ከጎን ማን አለ የሚለውም እንደሆነ ያሳያል። የእናቴን ቡና መቀመጫ አልተውም ያልኩትም ለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ ብዬ ግን አንድ ነገር እንዳይሰወር፦ መተንፈስ ዕዳ አይከፍልም። ሰውነት የሚጮኸው አንዳንዴ እውነት ስላለ ነው። ቤቱ የማይመች፣ ትዳሩ የሚያስፈራ፣ ሌሊቱ ሰላም የሌለው ሰው «ተረጋጋ» ሲባል ስድብ ነው። መጀመሪያ የሚቀየር ነገር ካለ እሱ ይቀየር። መኖር የሚያስጠላ ሐሳብ የመጣበት፣ ወይም ልቡ ሲመታ ደረቱን የሚወጋው፣ ራሱን የሚያስተው ሰው ደግሞ ይህን ጽሑፍ ትቶ ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ይሂድ።

በኔ በኩል የሚቀየረውን ከአሠሪዬ ጋር ተነጋግረናል። ለመጪው ጥቅምት ማታ ክፍያውን ብቻዬን አልይዝም። ሌላ ልጅ ይቀጠራል፣ አንድ ሌሊት እሱ፣ አንድ ሌሊት እኔ፤ ጉድለት ከተገኘ ሁለታችንም ፈርመን የምናስረክበው መዝገብ ይኖራል። የትርፍ ሰዓት አበሌ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ለዝናቡ ደግሞ በአልጋዎቹ ላይ ቋሚ ጣሪያ ይሠራ ብዬ አቅርቤያለሁ፤ የእንጨቱን ዋጋ እየጠየቅን ነው፣ ላስቲኩ ከአዲስ አበባ ይመጣል ተብሏል።